ምሰሶ ነህ ተብለሃል!

እንኳን ደስ ያለህ፣ ቱሪዝም! ከግብርና፣ ከማኑፋክቸሪንግ፣ ከማዕድንና ከዲጂታሉ ዘርፍ ጋር ተሰልፈህ ከአምስቱ የኢኮኖሚ ምሰሶዎች አንዱ ነህ ተብለሃል። በአገር በቀል የኢኮኖሚ ማሻሻያውም፣ በአሥር ዓመቱ የልማት ዕቅድም ስምህ ሰፍሯል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ? «ግድግዳና ጣሪያ» እንዳትል ብቻ። በሹመት ማግሥት አቤቱታ አይጀመርም።

ክቡርነታቸው፣ ያው የዘርፉ ሚኒስትር፣ መስከረም በጠባ ቁጥር መድረክ ላይ ወጥተው «ቱሪዝም ጭስ አልባ ኢንዱስትሪ ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ምድጃው ካልተለኮሰ ጭሱ ከየት ይመጣል?

«ያልተነካ ሀብታችን ነው» ይላሉ ደግሞ። ኧረ ተነክቷል! ምነው ባልተነካ የምንለውም አለ።

«የቱሪስት ፍሰቱ እየጨመረ ነው።» ቦሌ ላይ ከሆነስ ልክ ናቸው፤ ይፈስሳል። ከአንዱ አውሮፕላን ወርዶ ወደ ሌላው ይፈስሳል። አየር መንገዳችን ከሌጎስ የጫነውን ጓንዡ ያደርሰዋል፤ ሰውዬው ኢትዮጵያን ያየው በመስኮት ነው፣ እሱንም መስኮቱ ጋ ከተቀመጠ።

ቀንህ ራሱ የሚያስቅ ቀን ነው። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት መተዳደሪያ ደንብ የጸደቀው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 27 ቀን 1970 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ነበር፤ ዓለም በየዓመቱ ቀንህን የሚያከብረው በዚሁ ዕለት ነው። በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ዓመት መስከረም 17 ላይ ይውላል፤ መስቀል ማለት ነው። ሌላው ዓለም አዳራሽ ገብቶ ስላንተ ሲወያይ፣ እኛ ቢሮ ዘግተን ክትፎ ፊት ተቀምጠናል። በእኔ ግምት እኛ እንበልጣለን። መርካቶ ሱቁን ቆልፎ፣ ሚስት ልጆቹን ጭኖ፣ ለእናት ለአባት ሸክፎ ጉራጌ አገር ይገባል። መኪናው ተርታውን ይዞ ሲሄድ ውሎ ያድራል። ይሄ ሁሉ ሰው ግን ቱሪስት መሆኑን የነገረው የለም፤ ካሜራ አንገቱ ላይ ስላላንጠለጠለ ይሆናል። ክቡርነትዎ፣ የአገር ውስጥ ቱሪዝምን በአማካሪ ድርጅት ከማስጠናትዎ በፊት በዕለቱ መርካቶ ወርደው የተዘጋ ሱቅ ይቁጠሩ። ወጪውም ቀላል ነው፤ አበል ብቻ።

ስለ ትዳርህስ ላንሳ? በ1998 ዓ.ም. ከባህል ጋር ተጋብታችሁ «ባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር» ተባላችሁ። በ2014 ዓ.ም. አፋቷችሁና አንተ ለብቻህ ጎጆ ወጣህ። ባህል ደግሞ ሳትውል ሳታድር ስፖርትን አገባች። ማን ድሮ ማን እንደመረቀ ያወቅን የለም። እሺ፣ ጥምቀትን የመሰለ ልጅ፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 የመዘገበውን፣ አሁን ማን ያሳድገው? ቀለቡንስ ማን ይቆርጣል?

አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ እኮ በንጉሡ ዘመን ይሄ ሁሉ ሚኒስቴር አልነበራቸውም። አንድ የቱሪስት ድርጅት ይዘው፣ ማንም ቆጥሮ የማያውቀውን የራሳችንን ካላንደር ቆጠሩና «13 ወር ፀሐይ» ብለው ለዓለም ሸጡት። ጳጉሜን እንኳ ሥራ አገኘች። በነሐሴ የመጣው እንግዳ ዣንጥላ መግዛቱ የሳቸው ጥፋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 መፈክሩ ተቀየረና «ምድረ ቀደምት» ተባለ። መፈክሩስ ጥሩ ነው። ሩዋንዳ ለጎሪላዎቿ ልጆች በየዓመቱ ስም ታወጣለች፤ እኛ ለመፈክር። ልዩነቱ እሷ ጎሪላውን ለማየት 1,500 ዶላር ታስከፍልና ከፓርኮቿ ገቢ 10 በመቶውን በዙሪያቸው ለሚኖረው ሕዝብ ትሰጣለች። እኛ ቀይ ቀበሮና ዋልያ ይዘን ባነር እናሳትማለን።

አሁን ወደ ላሊበላ እንሂድ። በቤተ ክርስቲያኖቹ ደጅ ጫማ ጠባቂዎች አሉ። እንግዳ ጫማውን አውልቆ ይገባል፤ እነሱ ጥንድ ጥንዱን አሰልፈው ይጠብቃሉ። አንዳንዴ በአንዱ በር የገባው በሌላ በር ይወጣል፤ ጫማው ግን ቀድሞት እዚያ ተደርድሮ ይጠብቀዋል። አስተካክለው ነው የሚያስቀምጡት፣ አፍንጫው ወደ ውጭ፣ ሰውዬው ሳይዞር እንዲያጠልቀው። ክቡርነታቸው ከአንደኛው ጋር ቢገናኙ ወጉ እንዲህ የሚሄድ ይመስለኛል፦

«አባባ፣ ቱሪዝም የአገር ምሰሶ መሆኑ በመንግሥት ታውቋል።»

«ምሰሶውንማ እያየሁት፣ ጌታዬ» ብለው ሽቅብ ያሳያሉ፤ በቤተ ክርስቲያኖቹ ራስ ላይ የተዘረጋውን መጠለያ የተሸከመውን ብረት።

«እሱ ጊዜያዊ ነው።»

«ሲተክሉትም እንዲያ ነበር ያሉን። እኔም ያኔ ጠጉሬ ጥቁር ነበር።»

«የእንግዳው ቁጥር እንደጨመረ ሪፖርት ደርሶናል።»

«ታዲያ ጫማው የታለ? ባዶ እግሩን ነው የሚመጣው?»

«የእንግዳ አቀባበል ሥልጠናም ልናዘጋጅላችሁ ነው።»

«ለእኛ? ለገና የሚመጣውን እግር ለምናጥበው?»

«ስለ ገቢ ማስገኛ ነው እንጂ...»

«እሱንስ ያሠልጥኑን። የጦርነት ሰሞን ከበሩ ላይ ተቀምጬ የጠበቅሁት የራሴን ጫማ ነው።»

እዚህ ላይ ክቡርነታቸው ወደ ሰዓታቸው ያያሉ፤ በረራ ይደርሳል።

ለሐቁ እንመስክር። ሁሉም ወሬ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2018 ቪዛ በኢንተርኔት ተጀመረ፤ አፍሪካውያንም ቦሌ ሲደርሱ ቪዛ እንዲያገኙ ተፈቀደ። ወንጪ፣ ጎርጎራና ኮይሻ ላይ ድንጋይ ተፈልጦ ተሠርቷል። ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ ገብታለች። ይሄን ሳልናገር ብቀር ተረብ መሆኑ ቀርቶ ሐሜት ይሆናል። ደግሞም ዕውቅና ለእኛ ብርቅ አይደለም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ መዝገቡን ሲከፍት ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች ሁለቱ፣ ላሊበላና ሰሜን ተራሮች፣ የእኛ ነበሩ። ሰሜን እ.ኤ.አ. በ1996 «አደጋ ላይ ያሉ» ከሚባሉት ጋር ተጻፈች፤ የወጣችው በ2017 ነው። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ አልጋ ይዛ ነበር፤ እኛ በዚያ ሁሉ ጊዜ በብሮሹር ላይ «ጤናዋ ሙሉ ነው» እንል ነበር።

ነገር ግን፣ ቱሪዝም ሆይ፣ የሚመጣው እንግዳ የአሥር ዓመቱን ዕቅድ አያነብም። የሚያነበው የራሱ መንግሥት ለተጓዦች ያወጣውን ማስጠንቀቂያ ነው። እዚያ ላይ «አትሂድ» የተባለ አካባቢ ከሆነ ኢንሹራንሱ አይሸፍነውም፣ አስጎብኚ ድርጅቱም አይሸጠውም። አለቀ። አንተ ምሰሶ ሁን፣ ወጋግራ ሁን፣ እሱ ታንዛኒያ ገብቶ አንበሳ ፎቶ ያነሳል። የላሊበላው አስጎብኚ አራት ቋንቋ ይዞ ሻይ ቤት ይቀመጣል። ባለ በቅሎው በቅሎውን ሸጧል። ሆቴሉ አልጋውን በየቀኑ ያነጥፋል፤ የሚተኛበት የለም፣ ግን ሙያ ነውና ያነጥፋል።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ለመጪው መስከረም ንግግር ሲያስጽፉ ሁለት ነገር ያስገቡልን፦ የትኛው መንገድ በሰላም እንደሚያስኬድ፣ ለአስጎብኚው፣ ለባለ በቅሎውና ለጫማ ጠባቂው ከሚገባው ገንዘብ ስንት በመቶ እንደሚደርስ። ምሰሶ መሆኑን ሰምተናል፤ እሱን አይድገሙት።