ሌባ ጣቴን የት ላግባው?

በ71 ዓመቴ ጓንት ፍለጋ ሦስት ሱቅ ዞርኩ። ለብርድ ቢሆን ባልከፋኝ፤ እዚህ ሜሪላንድ ኅዳር ሲጋመስ እጅ ኪስ ውስጥ ተቀምጦም ይደነዝዛል። ጓንቱ የተፈለገው ግን የልጅ ልጄ ሲተኩስብኝ እጄ እንዳይጎዳ ነው። በትክክል ነው ያነበባችሁት። የልጅ ልጄ፣ ጀርባዬ ላይ አዝዬ ያሳደግኩት፣ ሊተኩስብኝ።

ማሙሽ 14 ዓመት ሊሞላው ነው። እኔ የተወለድኩበትን ቀን እናቴ "ጤፉ ታጭዶ ሳይወቃ" ከማለት በቀር ነግራኝ አታውቅም፤ ያም ሆኖ ኖሬአለሁ። የአሁን ልጅ ግን ኬክ ቢቆረስለት አይበቃውም። ጓደኞቹን ሰብስቦ፣ ጫካ ገብቶ፣ በቀለም ጥይት መታኮስ አለበት። ፔይንትቦል ይሉታል። አንዱ ቡድን ሰው ጎደለው። ልጁ ሳሎኑን ቃኘት ቃኘት አደረገና ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

"አባባ፣ አንቺ ትመጫለሽ?"

አማርኛው እንዲህ ነው፤ አንተና አንቺን እስኪለይ የምቆይ አይመስለኝም። ግን በአማርኛ ስለለመነኝ ሆዴ ራራና እሺ አልኩ። ወዲያው ደግሞ "ጓንት አለሽ?" አለኝ።

እኔን! ሞጆ ካሉት ቆዳ ፋብሪካዎች ባንዱ 22 ዓመት ሌጦ ስመርጥ የኖርኩትን ሰውዬ! ከበሬ የሚገፈፈው ቆዳ ነው፤ ከበግና ከፍየል የሚገፈፈው ሌጦ ነው። ይህን አደባልቆ የሚጠራ ሰው ሲያጋጥመኝ ዛሬም ደሜ ይፈላል። የኛ አገር በግ አብዛኛው ፀጉር ነው የሚያበቅለው እንጂ እንደ ፈረንጅ በግ ወፍራም ሱፍ አይለብስም። ሱፋሙ በግ ሌጦው ልል ነው፤ የኛው ግን ሲፋቅ እንደ ወረቀት እየሳሳ፣ ሲጎትቱት እንቢ የሚል ጥቅጥቅ ያለ ነገር ነው። ጎልፍ የሚጫወቱ ሀብታሞች አንድ እጃቸው ላይ የሚያጠልቋት ነጭ ስስ ጓንት፣ ካብሬታ የሚሏት፣ የምትሠራው ከፀጉራም በግ ነው። ጓንት ሰፊዎች የኢትዮጵያን የበግ ሌጦ የሚፈልጉት ለዚህ ነው።

እኛ ዘንድ ሌጦው ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፣ ብርሃን ይበራበታል፣ መራጩ በጣቱ ጫፍ ይዳስሰዋል። የእሾህ ጭረት አለ፣ አራጁ በቢላው የሸረከተው አለ፣ ከሁሉም የከፋው ግን እከክ ነው፤ ቅማልና መሰል ተባይ የበላው በግ ሌጦው ላይ ችፍ ችፍ ይልበታል፣ ቀለም ሲነከር ደግሞ ያ ሁሉ ብልሽት ፍጥጥ ይላል። ነጋዴው በገበሬው ያሳብባል፣ ገበሬው በአራጁ፣ አራጁ በነጋዴው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የተባለው እኛ ፋብሪካ በር ላይ ቢሆን አይገርመኝም። ይህን ሁሉ ታዲያ በባዶ እጄ ነው የሠራሁት። በጓንት ሌጦ አይመረጥም። ለዓለም ጓንት የሚሆነውን ስመርጥ ኖሬ፣ አንድም ቀን ጓንት አጥልቄ አላውቅም።

እና ጓንት የለኝም።

ልጄ መጀመሪያ የበረዶ ጓንቷን ሰጠችኝ። ውስጡ ጥጥ የመሰለ ነገር ሞልቶት የሕፃን ፍራሽ ያክላል። ከማሙሽ የውሃ ሽጉጥ ጋር ሞከርኩት፤ ሌባ ጣቴ ቃታው ቀለበት ውስጥ አልገባም አለ። በግድ ሲገባ ደግሞ አልወጣ አለ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ መዳፌ በላብ ራሰ። "አባዬ፣ ሱቅ እንሂድ" አለችኝ።

የስፖርት ዕቃ ሱቁ ውስጥ ግድግዳው ሙሉ ጓንት ተንጠልጥሏል፤ ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም የተቆጣ። ሻጩ ጢሙ ገና ያልወጣ ልጅ ነው። አንዱን አውርዶ "ይሄ ታክቲካል ነው" አለኝ። ሌላ አወረደ፤ እሱም ታክቲካል ነው። እንደገባኝ ታክቲካል ማለት ጥቁር ሆኖ ዋጋው እጥፍ የሆነ ማለት ነው። የመጨረሻው ጓንት ጀርባ ላይ የራስ ቅል ታትሞበታል፤ የጣቶቹ አንጓ ላይ እንደ ኤሊ ድንጋይ የጠነከረ ፕላስቲክ ተለጥፏል።

እኔ ዕቃ በላዩ አላይም። ጓንቱን ገለበጥኩት። ልጁ ደነገጠ፤ ጓንት የሚገለብጥ ሰው አይቶ አያውቅም መሰለኝ። ጓንት ሲገለበጥ ጉዱ ይወጣል። የስፌቱ ትርፍ ጨርቅ በየጣቱ ጫፍ ላይ ተጠቅልሎ እንደ ምስር ፍሬ ቆሟል፤ ግማሽ ቀን ቃታ የሳበ ሰው እዚያ ላይ ውሃ ይቋጥራል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለችው ሸለቆ፣ ማንኛውም ጓንት መጀመሪያ የሚቀደድባት ቦታ፣ በአንድ ክር ብቻ ተሰፍታለች። መዳፉ ቆዳ ነው ወይ ብዬ ብጠይቀው "ሲንተቲክ ሌዘር" አለኝ። ሸተትኩት። የመኪና ወለል ምንጣፍ ሽታ አለው።

"ስንት ቁጥር ነው የሚያደርጉት?" አለኝ።

ይህን እንኳ አለማወቁ! ከትንሿ ጣት ሥር እስከ ሌባ ጣት ሥር፣ አውራ ጣትን ሳይጨምር፣ መዳፍ ዙሪያውን በክር ይለካል፤ በኢንች ስንት እንደመጣ እሱ ነው ቁጥሩ። የኔ ስምንት ተኩል ነው። ልጁ ግን እጄን ከሩቅ አየት አድርጎ "ኤክስትራ ላርጅ" አለ። ሰፊ ጓንት ደግሞ ከጠባብ የባሰ ነው፤ የጣቱ ጫፍ ባዶውን ይንጠለጠልና እንኳን ቃታ ዚፕም አያስይዝ። 40 ዶላር ይላል። አስቀመጥኩት።

ሁለተኛው ሱቅ ጣቱ ተቆርጦ የሚሸጥ ጓንት አሳየኝ። ለቃታ እንዲመች ነው አሉ። መልካም፣ ለቃታስ ተመቸ፤ ለጥይቱስ? እንግዲህ ልብ በሉ። ይህ ጨዋታ ውስጥ ከሰውነት ሁሉ ቀድሞ የሚታይ እጅ ነው። ሰው በርሜል ጀርባ ተደብቆ ጠመንጃውን ብቅ ሲያደርግ አብሮ ብቅ የሚለው ጣቱ ነው። ጥይቷ ደግሞ እንደ ብይ የምታክል፣ 17 ሚሊ ሜትር የሆነች፣ ሦስት ግራም ገደማ የምትመዝን ጉድ ናት። ብዙ ሜዳዎች በሰከንድ ከ85 ሜትር በላይ እንዳትበር ጠመንጃውን በመሣሪያ ይለካሉ፤ ቸርነታቸው ይኸው ነው። በዚያ ፍጥነት መጥታ ብርድ የበላውን ባዶ ጣት ስትመታ ጥፍር ይጠቁራል። እና እነዚህ ሰዎች አራቱን ጣት ትተው መዳፉን ሸፈኑት! ሌባው ውጭ ቀርቶ የቤቱ ባለቤት ታሰረ።

ቤት ስንገባ ማሙሽ ሊያጽናናኝ የጨዋታውን ታሪክ አጫወተኝ። በ1981 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሰኔ 27፣ ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ሄኒከር በምትባል ከተማ 12 ሰዎች ጫካ ገብተው ነው የተጀመረው። ጠመንጃው ኔልስፖት 007 ይባላል፤ የተሠራውም ለጨዋታ ሳይሆን ዛፍና ከብት ላይ ምልክት ለማድረግ ነው። ያን ቀን ያሸነፈው ሪቺ ኋይት የሚባል የደን ባለሙያ ሲሆን፣ አንድም ጥይት ሳይተኩስ ባንዲራዎቹን ሰብስቦ ወጣ አለኝ። ይህን ሰውዬ ወደድኩት። የቀረውን ታሪክ ግን አልወደድኩትም። ጫካ ውስጥ ቀለም የሚቀባ ዛፍ ብዙ ጊዜ ሊቆረጥ የተፈረደበት ነው። ሽማግሌ ላይ ቀለም መርጨት ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ጨርሱት።

"ጥይቷስ ከምንድን ነው የምትሠራው?" አልኩት።

"ጄላቲን" አለኝ።

ጄላቲን! ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ የሚወጣ፣ ብዙውን ጊዜ ከአሳማ። ጾመ ነቢያት ገብቷል። አፌ ውስጥ ብትፈነዳስ? ልጄ "አባዬ፣ ፊትህ ላይ ማስክ አለ" ብላ ሳቀች። እኔ ግን ያሳሰበኝ ሌላም ነው። ዕድሜዬን ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ኖሬ በመጨረሻ ቆዳ ይተኮስብኝ!

ሦስተኛው ሱቅ የቤት መሥሪያ ዕቃ የሚሸጥበት ነው። ማንም አልመራኝም፤ አካፋና የአበባ ማዳበሪያ መካከል ስንከራተት አንድ ዘንቢል ውስጥ የአትክልተኛ ጓንት ተከምሮ አየሁ። አንዱን አነሳሁ። ከማንበቤ በፊት ጣቴ አወቀው። ፍየል! እውነተኛ የፍየል ሌጦ፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር የሳሳ፣ ፊቱ ጥራጥሬ ጥራጥሬ የሚል። በግ ለልስላሴ ወደር የለውም፣ ወገኔም ነው፤ ግን ሻካራ እንጨትና ድንጋይ ላይ ሲፈጋ በቶሎ ይሸነፋል። ከበሬ የተሰነጠቀው የብየዳ ጓንት ደግሞ አይቀደድም፣ ጣትም አያጥፍም፤ አንዴ ረጥቦ ከደረቀ እንደ ቋንጣ ነው። ፍየል መካከል ላይ ነው። አጠለቅኩት፣ ጨበጥኩ፣ ዘረጋሁ፣ ከኪሴ አሥር ሳንቲም አውጥቼ ወለል ላይ ጣልኩና ከነጓንቱ አነሳኋት። ሳንቲም የሚያነሳ ጣት ቃታ አያቅተውም። 14 ዶላር። የራስ ቅል የለበትም።

አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ጀርባው ስስ ነው። እዚህ ላይ ያደረግኩትን ልናዘዝ። ልጄ ዮጋ የምትሠራበት ምንጣፍ ሳሎን ጥግ ተጠቅልሎ ቆሟል። ከዳሩ አራት ጣት ያህል ቆረጥኩለት። ከሞጆ ይዤው የመጣሁት ወስፌ አሁንም አለኝ፤ ስፖንጁን በየጣቱ አንጓ ልክ ከፋፍዬ ከጓንቱ ጀርባ ላይ ሰፋሁት። በየአንጓው መካከል ክፍተት ተውኩ፤ አንድ ወጥ አድርጎ የሰፋ ሰው እጁን መጨበጥ አይችልም። ልጄ ምንጣፏን ዘርግታ ስታየው ምንም አላለችም። ዝም ማለቷ ነው ያስፈራኝ።

የጨዋታው ቀን መጀመሪያ ወረቀት አስፈረሙን። ብጎዳ ጥፋቱ የራሴ ነው ይላል፤ አንዳንድ የጋብቻ ውልም እንዲህ ቢጽፍ ጥሩ ነበር። ከዚያ ማስክ አጠለቁልን፣ በትንፋሼ ጉም ሆነ። ፊሽካው ሲነፋ ልጆቹ እንደ ጥጃ ፈነጠዙ። እኔ ያን የደን ባለሙያ አስቤ አንድ የዛገ በርሜል ጀርባ ቁጭ አልኩ።

ሩብ ሰዓት ያህል ሰላም ነበር። ኋላ ጠመንጃዬን ብቅ ባደርገው ቷ! የቀኝ እጄ ጀርባ ላይ አረፈች። ዓይኔን ጨፍኜ ሕመሙን ጠበቅኩ፤ የመጣው ግን የሩቅ ዘመድ ቁንጥጫ የሚያክል ነው። ዳኛው ሮጦ መጥቶ እጄን አገላበጠ። ቀለም የለም። ጥይቷ የልጄ ስፖንጅ ላይ ነጥራ ሣር ውስጥ ሙሉዋን ተኝታለች። ሕጉ ደግሞ ካልፈነዳች አልተመታህም ነው። ባለ ራስ ቅሉን አጥልቆ የመጣ አንድ ልጅ እዚያው አጠገቤ ፕላስቲኩ ላይ ተመታ፤ ድንጋይ ላይ እንደወደቀ እንቁላል ፈነዳችበትና ወጣ። የተመታሁበት እጄ ሰንበር እንኳ አላወጣም። ማሙሽ ራሱ ደጋግሞ ተኩሶብኝ በአራተኛው ሆዴን አገኘው። ስለ ሆዴ ጓንት ሱቅ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።

የማሙሽን ጓንት ደግሞ ልንቅ አስቤ ነበር፤ ስስ የጨርቅ ነገር ነው፣ መዳፉ ላይ ጎማ ነጠብጣብ ያለው። ማታ ቧንቧ ሥር አድርጎ ሲያጥበው ቀለሙ በውሃ ብቻ ለቀቀ፣ ጠዋት ደርቆ ተገኘ። እሺ፣ ለእሱስ ለቀቅሁለት።

የኔን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ፣ ጣቶቹን ቀጥ አድርጌ፣ ከማሞቂያው ርቆ ጥላ ላይ እንዲደርቅ መስኮቱ ሥር አኖርኩት። ሌጦ ሙቀት ካገኘው ይኮማተራል፤ የተኮማተረን ደግሞ ሞጆ ያለው ፋብሪካ ሁሉ ቢሰበሰብ አይመልሰውም። ለቤተ ክርስቲያን ወጥቼ ስመለስ መስኮቱ ሥር የለም። ልጄ የሳምንቱን ልብስ አጥባ ማድረቂያው ውስጥ ከትታለች። ማሽኑ ቆሞ በሩ ሲከፈት፣ ከፎጣዎቹ መካከል የተጨማደዱ፣ እንደ ድርቆሽ የተንቋቁ ሁለት ነገሮች ወደቁ። ትንሿ የልጅ ልጄ ብድግ አድርጋ አሻንጉሊቷ እጅ ላይ አጠለቀቻቸው። ልክ ናቸው።

"ይቅርታ አባዬ፣ አላየሁትም" አለች ልጄ። ዓይኗ የዮጋው ምንጣፍ ላይ ነው። "ሌላ አዝዝልሃለሁ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳል።"

ለሚቀጥለው ሳምንት ለካ ሁለተኛ ዙር አለ። ስልኳን ከፍታ አቀበለችኝ። መጀመሪያ የመጣው ጥቁር ነው፣ የኤሊ ጀርባ አለው፣ የራስ ቅሉም ፈገግ ብሎ ያየኛል።