ቀረጡ የት ሄዶ ይመለሳል?

አየርላንዶች ሲበዛ የዋሆች ናቸው። አገራቸው ውስጥ መኪና ታርጋ ሲያወጣ መንግሥት የምዝገባ ግብር ይቀበላል። እስከዚህ ድረስ ጤነኞች ናቸው፤ እኛም ከመኪና ገንዘብ መቀበል አላቃተንም። ጉዱ ከዚያ በኋላ ነው። ባለመኪናው ያገለገለ መኪናውን ለዘለቄታው ከአገር ሊያስወጣ ሲነሣ መኪናው ይፈተሻል፣ የዛሬ ዋጋው ይገመታል፣ በውስጡ የቀረው ግብር ይሰላል፤ ከዚያም መንግሥት ራሱ ቆጥሮ ይመልሳል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ እንዲህ እያደረጉ ይኖራሉ። ሆላንዶችም፣ ፊንላንዶችም በየራሳቸው ስሌት ይመልሳሉ። ዴንማርክ እንኳ፣ የመኪና ዋጋ ከፍ ባለ ቁጥር የምዝገባ ግብሩን እስከ 150 በመቶ የምታደርሰው ዴንማርክ፣ መኪናው ድንበር ሲሻገር ኪሷን ትዳብሳለች። ሐሳቡ «መኪናው በመንገዳችን ላይ ላልሄደበት ዘመን ግብር አንበላም» ነው።

አንበላም! ይህን ቃል ከመንግሥት አፍ ሰምቶ የሚያውቅ እጁን ያውጣ።

እኛ በጫንጮ ከዚህ ዓይነቱ ውርደት ተጠብቀናል። እንጦጦን ተሻግሮ፣ የሱሉልታን ሜዳ አቋርጦ፣ በጎጃም መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የመጣ ሰው ከአስፋልቱ ዳር አንድ ሻይ አዝዞ ቢቀመጥ የኢትዮጵያን የመኪና ታሪክ በሙሉ ከነጭሱ ያያል። ከደርባ መገንጠያ የሲሚንቶ ተሳቢ ይወጣል። አባዱላው «ፍቼ! ፍቼ!» ይላል። አይሱዙ ድርቆሽ ተከምሮበት አስፋልቱን ለብቻው ይዞ ያልፋል። ባጃጁ በሁሉም መሐል ይሹለከለካል። ከዚህ ሁሉ ኋላ ደግሞ የወተት ጀሪካን የጫነች፣ ቀለሟ ስንት ጊዜ እንደተቀባ ባለቤቷም የማያስታውሳት አንዲት ዲኤክስ ኮሮላ ትመጣለች። ይህቺ ዲኤክስ ወደ አገር ስትገባ ደርግ ሥልጣን ላይ ነበር፤ ዶላሩ በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዘር ነበር፤ ወደቡም አሰብ ነበር። ሥርዓቱም፣ ምንዛሪውም፣ ወደቡም ሄዱ። ዲኤክሷ አለች።

አሁን እንበልና ባለቤቷ የአየርላንዶቹን ወሬ ሰማ። ወሬ መቼም ጫንጮ ከአዲስ አበባ ቀድሞ ይደርሳል። «እኔስ ከማን አንሼ ነው?» አለና ፋይሉን በፌስታል ይዞ ወደ አንድ የጉምሩክ ቢሮ መስኮት ቀረበ።

«ኦቦ፣ ምን ልታዘዝ?»

«መኪናዬን ላስወጣ ነው። ቀረጤን እንድትመልሱልኝ።»

«ከጋራዥ ነው የሚያስወጧት?»

«ከአገር።»

ልጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ኦቦ፣ ከዚህ አገር መኪና አይወጣም፤ የሚወጣው ሰው ነው።»

ይህን መልስ ያቃለለ አንባቢ ካለ ኢኮኖሚያችን አልገባውም። ወደ ጅቡቲ የሚወርዱት የጭነት መኪኖቻችን ምን ያህሎቹ ባዶአቸውን እንደሚወርዱ የሚያውቅ፣ በአንዳቸው ጀርባ ላይ አንዲት ዲኤክስ ብትጫን ጋላፊ ላይ የሚፈጠረውን ድንጋጤ ይገምታል። ኬላው ገቢ መቁጠር ነው የለመደው።

ሕጋችን ተመላሽ የሚባል ነገር አያውቅም ብሎ የሚያማ ደግሞ ይጠንቀቅ፤ ያውቃል። ጥሬ ዕቃ ከውጭ አስገብቶ፣ አምርቶ፣ ምርቱን ወደ ውጭ ለሚልክ ፋብሪካ የከፈለው ቀረጥ የሚመለስበት ሥርዓት በአዋጅ ተቀምጧል። የቆዳ ማልፊያ ኬሚካል ያስገባ ሰው ጫማ ሲልክ ይመለስለታል። ስለዚህ ባለ ዲኤክሱ መብቱ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶበታል ማለት አይቻልም። ዲኤክሷን ጥሬ ዕቃ ነበረች ብሎ ማስመዝገብ፣ ከዚያም አቅልጦ ምስማር ማድረግና ምስማሩን ኤክስፖርት ማድረግ ይችላል። ሐሳቡን በነፃ ሰጥቻለሁ።

ግን ለምን ይመለስ? መጀመሪያ እንዴት እንደሚከፈል እንይ፤ አከፋፈሉን ያየ ሰው መልሱ ለማለት ያፍራል። በየካቲት 2012 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012ን አጸደቀ። ኤክሳይዝ እንግዲህ የቅንጦት ነገርና ጤና የሚጎዳ ነገር የሚቀጣበት ታክስ ነው፤ ቢራ፣ ሲጋራ፣ ሽቶ። አዋጁ ለአዲስ ትንሽ መኪና፣ ሞተሯ 1,300 ሲሲ ላልበለጠ፣ 5 በመቶ ብቻ ጠየቀ። ለትልቅ ሞተር አዲስ መኪና 100 በመቶ። ከዚያ ዕድሜ መቁጠር ጀመረ። መኪናው ባረጀ ቁጥር ታክሱ አደገ፣ አደገ፣ ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለው ባለ ትልቅ ሞተር ጋ ሲደርስ 500 በመቶ ላይ ቆመ። በሌላው ዓለም ሲያረጅ የሚከብረው ወይን ጠጅ ብቻ ነው ሲባል ሰምተን ነበር፤ እኛ መኪናን ከወይን ጠጅ ጋር በአንድ መደርደሪያ አስቀመጥነው።

ስሌቱ ራሱ የእጅ ሥራ ነው፤ ላሳያችሁ። አንድ እንዲህ ያለ አሮጌ መኪና መድን ተከፍሎለት፣ ተጓጉዞ እስኪመጣ 100 ብር ወጣበት እንበል። የጉምሩክ ቀረጡን 35 በመቶ ብንይዝ 135 ይሆናል። ኤክሳይዙ በ100 ብሩ ላይ የሚሰላ መስሏችሁ ከሆነ የዋህነቱ ወደ እናንተም ተጋብቷል፤ የሚሰላው በ135ቱ ላይ ነው። 500 በመቶ ሲሆን 675 ይጨመርና 810 ይደርሳል። በ810ሩ ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ሲያርፍ 931 ከ50። በዚህ ሁሉ ላይ ሱር ታክስ 10 በመቶ ሲደረብ 1,024 ብር ከ65 ሳንቲም። ቅድመ ግብሩን ለጊዜው ተዉት፤ ያችን እንኳ ለእንግዳ እንተውለት። በመቶ ብር የተገዛው መኪና ከአንድ ሺህ ብር በላይ ሆኖ ገባ። ከአሥር እጅ ዘጠኙ ታክስ ነው። ሰውየው ሲነዳ የምታዩት አንድ እጅ ቆርቆሮና ዘጠኝ እጅ ደረሰኝ ነው።

እና ይህን ዘጠኝ እጅ ይመልሱልህ? ማን ነው እንዲህ የሚያስበው?

የአዋጁ ምክንያት ጥሩ ነበር፤ ይህን ስል አልቀልድም። አሮጌ መኪና ጭሱ ይበዛል፣ ፍሬኑ ይደክማል፣ መለዋወጫው የውጭ ምንዛሪ ይበላል። እንጦጦን ሲወጣ ጥቁር ጭስ ከሚተፋ መኪና ኋላ ተሰልፎ የሳለ ሁሉ ለአዋጁ እጁን ያነሣ ነበር። የኔ ጥያቄ በሩ ላይ ነው። ያረጀ መኪና ጠላት ከሆነ፣ እንዳይገባ በሩን በ500 በመቶ ቆለፍን፤ መልካም። ገብቶ ለተቀመጠውስ? ላስወጣው፣ ወይም ቆርቆሮ አድርጌ ላስረክብ የሚል ሰው ቢመጣ አንዲት ሳንቲም የሚሰጠው የለም። በሩን ከውጭም ከውስጥም ቆልፈን፣ ቁልፉን አሮጌው መኪና ውስጥ ረስተን ወጣን። አየርላንዶቹ የሚመልሷት ገንዘብ ደግነት እንዳትመስላችሁ። ያገለገለ ብረታቸውን ወደ ሌላ ሰው አገር የሚገፉባት ዱላ ናት። እኛ ጭሳችንን እንደ ቅርስ እንጠብቃለን።

ይሁንና ተመላሽ የለንም ማለት ጨርሶ ሐሰት ነው። አለን፤ ከነወለዱ አለን። ልዩነቱ የሚመልሰው መንግሥት አለመሆኑ ነው። የሚመልሰው ቀጣዩ ገዢ ነው።

ነገሩ እንዲህ ይሄዳል። አንደኛው ገዢ ዘጠኙን እጅ ለጉምሩክ ከፈለ። አምስት ዓመት ነዳ፤ ጎማ በላ፣ ፍሪሲዮን ቀየረ፣ አንድ ጊዜ ገደል ሊገባ ለጥቂት ተረፈ። ሊሸጥ ሲያወጣ «ቀረጥ የተከፈለበት ነው» አለ። ሁለተኛው ገዢ ሞተሩን ከፍቶ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያም አንደኛው ከከፈለው በላይ ከፈለ። ቀረጡን መለሰለት ማለት ነው። ሦስተኛው ለሁለተኛው መለሰ። አራተኛው የሠርጉን ገንዘብ ይዞ በደላላ በኩል እየመጣ ነው። መንግሥት አንድ ጊዜ ተቀብሎ ዞር ብሏል፤ እኛ ደግሞ ያንኑ ቀረጥ እየጨመርንበት ለልጅ ልጅ እንቀባበለዋለን። ስም በተዛወረ ቁጥር የቴምብር ቀረጥ ጣል ይደረግለታልና መንግሥትም ፈጽሞ አልተረሳም። ይህቺን ለማምለጥ ነው ስንቱ በውክልና ሸጦ፣ ታርጋው የአንዱ፣ ሊብሬው የሌላው፣ መሪው የሦስተኛ ሰው ሆኖ የሚኖረው።

የአሮጌ መኪና ዕድል ደግሞ አያልቅም። በ2014 መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪናን ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ፤ ተገጣጥሞ ለሚመጣው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ ቀረ። በጥር 2016 ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ከእንግዲህ እንደማይገባ አስታወቁ። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ተባለ። እነዚህ ሦስቱ ውሳኔዎች ሲወጡ ስለ ጫንጮዋ ዲኤክስ ያሰበ አንድ ሰው ነበር ብዬ አልጠረጥርም። ግን ሦስቱም ለእሷ ሠሩላት። አዲስ ነዳጅ በሊታ አይገባም፤ ስለዚህ ያለው ውድ ሆነ። ብር ወረደ፤ ስለዚህ ብረቱ ወጣ። ባንክ ገንዘቡን ያስቀመጠ ጎረቤቷ አንገቱን ደፋ፤ እሷ ቆማ አተረፈች። ጧት አልነሣም ብላ በአራት ሰው የምትገፋ መኪና ከዓመት ዓመት ዋጋዋ የሚጨምርበትን አገር የኢኮኖሚክስ መምህራን በመጽሐፋቸው የት ምዕራፍ እንደሚያስቀምጡት ለማየት እጓጓለሁ።

ከቀረጥ ነፃ የሚያስገቡትን ወንድሞቻችንን አልረሳሁም። ኤምባሲው፣ ግብረ ሰናይ ድርጅቱ፣ ኢንቨስተሩ ፒክአፑን በነፃ ያስገባል። ሕጉ «መብቱ ለሌለው ስታስተላልፍ ቀረጡን ትከፍላለህ» ይላል። ጨዋ ሰው ደግሞ ከሕግ አይጋጭም፤ አያስተላልፍም። ለአጎቱ ልጅ ያውሰዋል። የአጎቱ ልጅ ለወዳጁ ያውሰዋል። በዚህ አገር ለረዥም ጊዜ ተውሶ ሳይጣላ የቆየ ሰው ካያችሁ ታርጋውን እዩለት።

ወደ መስኮቱ እንመለስ፤ ባለ ዲኤክሱን አቁመነው ነው የመጣነው። ልጁ ልቡ ራራ። «እሺ ኦቦ፣ ይመለስልዎ ቢባል እንኳ፣ ቀረጡ የተከፈለበትን ዲክላራሲዮን ከገባበት የጉምሩክ ጣቢያ አረጋግጠው ያመጣሉ።»

«በአሰብ ነው የገባችው።»

«ከአሰብ ያምጡ።»

«አሰብ እኮ…»

«ኦቦ፣ እኔ አይደለሁም የሰጠሁት። ሊብሬው በማን ስም ነው?»

«በመጀመሪያው ባለቤት።»

«ይዘዋቸው ይምጡ።»

«አርፈዋል። ውክልና ግን አለኝ።»

«ወካዩ ከሞቱ ውክልናውም ቀርቷል። ወራሾቹን ያምጡ።»

«አንዱ ቶሮንቶ ነው፣ አንዷ የት እንዳለች አይታወቅም።»

«አየህ አይደል እንግዲህ፤» አለ ልጁ፣ ከአክብሮቱ ወደ ወዳጅነት ሳያስበው ወርዶ። «ሁሉም ተሟላ እንበል። የሚመለሰው የተከፈለው ብር ነው። ያኔ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር። በዚያን ጊዜ ብር ተመልሶልህ ምን ትገዛበታለህ? ያንዱን ጎማ የውስጥ ላስቲክ? እኔ አንተን ብሆን…» ወደ ግራም ወደ ቀኝም አየና ድምፁን ቀነሰ፣ «ስንት ትላታለህ?»

በማግስቱ ከአስፋልቱ ዳር ባለ የስልክ ምሰሶ ላይ እንዲህ የሚል ወረቀት ተለጠፈ፦ «አስቸኳይ ሽያጭ። ዲኤክስ ኮሮላ። ሞተሯ ያልተነካ። ቦሎ ያላት። ቀረጥ የተከፈለባት (በአሰብ)። ባለቤቱ ወደ ውጭ ሊልካት ሲል በልመና የቀረች። ዋጋዋ የሚጨምር ስለሆነ ዛሬውኑ ይደውሉ። ደላላ አይደውል።»

የተጻፈው ስልክ የደላላው ነው።