አራት ዓመት ተምሮ እንደ ገቡ የመውጣት ጥበብ

በዘጠነኛ ክፍል በር ገብቶ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል በር የሚወጣ ተማሪ፣ ቁመቱ ጨምሮ፣ ድምፁ ጎርንኖ፣ ጢሙ አቀምቅሞ ሳለ፣ አእምሮው ግን ስምንተኛ ክፍልን በጨረሰበት ቀን ከነበረበት ስፍራ ያለ አንዳች ንቅናቄ ጸንቶ ቢገኝ፣ ይህ እንዲያው በዕድል የሆነ ነገር የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ከአሥራ አራት እስከ አሥራ ስምንት ያለው ዕድሜ ልቡና የሚለመልምበት፣ መጠየቅና መመራመር ሳይጠሩት የሚመጣበት ወራት ስለሆነ፣ በዚህ ሁሉ መካከል ሳይለወጡ መዝለቅ ብርቱ ትጋትንና የማያቋርጥ ጥንቃቄን ይፈልጋል። ስለዚህ፣ ታናሽ ወንድሜ ሆይ፣ አራቱን ዓመት ፈጽሜ የወጣሁት እኔ ዘንድሮ ለምትገባው ለአንተ፣ በትምህርት ቤት ሳለሁ አይቼ ያጠናሁትን የዚህን ጥበብ ሥርዓት በቅደም ተከተል ጽፌ ትቼልሃለሁ።

የጥበቡ ሁሉ ራስ አንዲት ሕግ ናት፤ ይኸውም አለማወቅህን ማንም ፍጡር አይይብህ የምትል ናት። ይህን ጥበብ ሰነፍ ሁሉ የሚችለው እንዳይመስልህ፤ ሰነፉ ከክፍል ፎርፎ ኳስ ሜዳ ሲውል እንኳ በጨዋታው መካከል ሳያስበው ትዕግሥትን ወይም ኅብረትን ተምሮ ሊመለስ ይችላልና። ፍጹም የሆነው ደቀ መዝሙር ግን በየማለዳው ተሰልፎ፣ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ዘምሮ፣ ደብተሩን በላስቲክ ሸፍኖ፣ አንድም ቀን ሳይቀር ተገኝቶ፣ ምንም ሳይነካው ወደ ቤቱ የሚመለሰው ነው።

እንግዲህ አንደኛው ነገር የመቀመጫ ምርጫ ነው። ብዙዎች የኋላውን ረድፍ ይመርጣሉ፤ ነገር ግን መምህራን የኋላውን ረድፍ ስለሚጠረጥሩት፣ "አንተ፣ ከኋላ ያለኸው!" የሚለው ጥሪ ዘወትር ወደዚያው ነው የሚወረወረው። አንተ ግን ከክፍሉ መካከል፣ ከረዥም ልጅ ጀርባ ተቀመጥ። መምህሩ ትምህርቱን ጨርሶ፣ የጠመኔውን ብናኝ ከእጁ እያራገፈ "ገባችሁ?" ባለ ጊዜ፣ ክፍሉ በአንድ ቃል "አዎ!" ይላል፤ ያን ጊዜ ድምፅህ ከማኅበሩ ድምፅ አንሶ እንዳይሰማ ተጠንቀቅ፤ ያልገባው ሰው ከገባው ይልቅ አብልጦ መጮኽ ይገባዋልና። "ጥያቄ ያለው?" የተባለ እንደ ሆነ ግን ዓይንህን ወደ ደብተርህ መልሰህ፣ አርእስቱን በቀይ እስክሪብቶ በጥሞና ደግመህ አስምርበት።

ሁለተኛው የቋንቋ ነገር ነው፤ በዚህም ረገድ የትምህርቱ ሥርዓት ራሱ ለጥበባችን ረዳት ሆኖልናል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃው ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ የሁለተኛ ደረጃው ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ስለ ደነገገ፣ ትናንት ዕፅዋት ምግባቸውን ከምን እንደሚያዘጋጁ በገዛ ቋንቋው ሲከራከር የነበረ ልጅ፣ ዛሬ ፎቶሲንተሲስ ከሚባል ባለ ሦስት መስመር የእንግሊዝኛ ብያኔ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። ማደግ የሚሻ ሰው በዚህ ጊዜ መዝገበ ቃላት ፈልጎ፣ ነገሩን ወደሚያስብበት ቋንቋ መልሶ፣ ከጓሮው ጎመን ጋር አገናዝቦ ምሥጢሩን ለማግኘት ይደክማል። አንተ ሦስቱን መስመር ከነነጥቡ ሸምድደህ በፈተናው ወረቀት ላይ ዘርግፈው፤ ከዘረገፍኸውም በኋላ ለአንዲት ሌሊት እንኳ በልብህ አይደር።

ሸምዳጅነትህን የሚነቅፍ ሽማግሌ ቢመጣ የአባቶችን ትምህርት ጠቅሰህ አፉን አስይዘው፤ ነገር ግን ግማሹን ብቻ ጥቀስ። በንባብ ቤት መዝሙረ ዳዊት የደገመ፣ ውዳሴ ማርያሙን ያጠና ልጅ በቃሉ ብዙ መያዙ እውነት ነው። የቀረውን ግማሽ ግን ከቶ አታንሣ፤ ያው ተማሪ ቅኔ ቤት በገባ ጊዜ፣ በቃሉ የያዘው ሁሉ ብቻውን አያወጣውምና፣ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ እየተሻገረ፣ ማንም ያልተናገረውን የገዛ ራሱን ቅኔ ቈጥሮ በየኔታና በጓደኞቹ ፊት ያቀርባል፤ ቤቱ ባይመታ፣ አገባቡ ቢፋለስ፣ እዚያው ቆሞ ይታረማል፤ በማግስቱም ሌላ ቈጥሮ ይመለሳል። በየቀኑ በሰው ፊት መታረምን እንደ መዓርግ የሚቈጥር ይህ ልማድ ከመጀመሪያይቱ ሕጋችን ጋር ፈጽሞ ስለሚቃረን፣ ወደ እኛ ክፍል ዘልቆ እንዳይገባ በርትተን ልንከላከለው ይገባናል።

ሦስተኛ፣ ከጥቁር ሰሌዳ ሽሽ። በክፍላችን አንዲት ልጅ ነበረች፤ በአንድ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ስሟ ተጠርቶ ወጥታ አንድ እኩልታ ስትፈታ፣ አንዱን ቍጥር ከእኩል ምልክቱ ወዲህ ወደ ወዲያ ስታሻግር የመቀነስ ምልክቱን መለወጥ ረሳች። መልሱ እንቢ አለ። ክፍሉ ሳቀ። እርሷ ግን አንገቷን ደፍታ ወደ መቀመጫዋ በመመለስ ፈንታ፣ ጠመኔውን እንደ ያዘች ከታች ወደ ላይ መስመር በመስመር እየመረመረች ወጣችና፣ ከሁለተኛው መስመር ስትደርስ "ለካ እዚህ ጋ ነው!" ብላ በመዳፏ አጥፍታ ጻፈችው። ከሳቁት በብዙዎቹ ደብተር ላይ ያችው ምልክት ሳትለወጥ ተቀምጣ ነበር፤ ነገር ግን ደብተራቸውን ያየ ስላልነበረ ክብራቸው አልተነካም፤ በዓመቱ መጨረሻም ያችኑ ምልክት ያለ ለውጥ ይዘዋት ወደ ፈተና ገቡ። ከውርደት የዳነ ሰው ንብረቱን እንዲህ ጠብቆ ይኖራል።

አራተኛ፣ የቡድን ሥራ በታዘዘ ጊዜ ስምህ በሽፋኑ ላይ ከአምስቱ ሦስተኛ ሆኖ ይጻፍ፤ የመጀመሪያው ሰው ሥራውን እንዲያብራራ ይጠራል፣ የመጨረሻው ምንም አልሠራም ተብሎ ይጠረጠራል፣ ሦስተኛውን ግን ማንም አያስታውሰውም። ድርሻህን ለመወጣት ያህል ለሽፋኑ ወረቀት የሚሆን የአበባ ሐረግ ንደፍ፤ ወይም የማተሚያውን ገንዘብ ሰብስብ። አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሰህ ከተፈጥሮ ሳይንስና ከማኅበራዊ ሳይንስ አንዱን ምረጥ ስትባልም፣ ዝንባሌህን አትመርምር፤ የዴስክ ጓደኛህ የሄደበትን ተከትለህ ሂድ።

አምስተኛው የጠባይ ነገር ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት መዘግየት ይገባናል፤ ሰው ትምህርቱን ሸሽቶ ቢያመልጥ እንኳ ተግሣጽ ሊለውጠው ይችላልና። ውጤትህ ዝቅ ቢል "መምህሩ ጠምዶኝ ነው" በል፤ ይህች ቃል ለአምስቱም ለስድስቱም ትምህርት ታገለግላለች፤ ስድስት መምህራን ተማክረው አንድን ልጅ የሚጠምዱበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅህ አይኖርም። ጥፋት አጥፍተህ "ወላጅ አምጣ" በተባልህ ጊዜ ግን አባትህን ማስቸገር አያስፈልግም፤ ከሰፈር ጎልማሳ ፈልገህ የሻይና የትራንስፖርቱን ችለህ አጎት አድርገህ ውሰደው። አንድ የክፍላችን ልጅ ያመጣው አጎት በሥራው እጅግ የተጋ ስለ ነበር፣ በዩኒት ሊደሩ ፊት ልጁን "የሙት ወንድሜን አደራ በላህ!" እያለ በእንባ ገሥጾ፣ ቀበቶውን ሊፈታ ሲል ዩኒት ሊደሩ ራሳቸው ተነሥተው "ኧረ በቃ ጌታዬ፣ ልጅ ነው፣ ይማራል" ብለው ለመኑት። የልጁ አባት በዚያ ሰዓት በሥራ ገበታው ላይ በሙሉ ጤና ነበር። ተግሣጹም፣ ይቅርታውም፣ እንባውም በአንድ ጠዋት ተፈጽሞ፣ ልጁን ግን አንዳቸውም ሳይነኩት ቀሩ።

ስድስተኛው የፈተና ነገር ነው፤ በዚህ በኩል ዘመኑ እንደ ከፋብን አልሸሽግህም። ቀድሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በየትምህርት ቤቱ ይሰጥ በነበረበት ጊዜ የጎረቤትን ወረቀት በጎን ማየት የሚቻል ነበር፤ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ግን በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ከየሀገሩ ተጉዘው በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ውስጥ ተፈተኑ፤ ውጤቱም በተነገረ ጊዜ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ፤ በተከታዩም ዓመት 3.2 በመቶ ሆኑ። ይህ ሁሉ ጥፋት የተማሪው ብቻ አለመሆኑን ማንም ያውቃል፤ መጽሐፍ ለብዙ ልጅ አንድ የሚደርስበት፣ ቤተ ሙከራው ተቈልፎ የሚኖርበት፣ መምህሩ ራሱ በእንግሊዝኛው የሚቸገርበት ትምህርት ቤት ጥቂት አይደለም። እነዚህ ምክንያቶች እውነተኞች ስለ ሆኑ ለሥራችን እጅግ ይመቻሉ፤ አንተም ሊያርማቸው እንደሚታገል ሰው ሳይሆን ከበታቻቸው እንደሚጠለል ሰው ያዛቸው።

በመጨረሻ የምረቃው መጽሔት ይመጣል፤ በፎቶግራፍህ ሥር ስላሳለፍኸው ዘመን ጥቂት ቃል እንድትጽፍ ትጠየቃለህ። በዚህ ጊዜ ሳትፈራ "በእነዚህ ዓመታት ብዙ ተምሬአለሁ፤ ተለውጫለሁ፤ አድጌአለሁ" ብለህ ጻፍ። ነገር ግን ምን እንደ ተማርህ ለይተህ እንዳትናገር አደራ! ተማርሁ ያለውን ነገር በስሙ የሚጠራ ሰው ቀድሞ ያን ነገር ሳያውቅ እንደ ኖረ በገዛ እጁ መመስከሩ ነው፤ ይህም እስከ ዛሬ የጠበቅሃትን ሕግ በመጨረሻዋ ሰዓት ማፍረስ ይሆንብሃል።

ይህን ሁሉ ፈጽመህ ስታበቃ አንድ አደጋ ብቻ ይቀርሃል፤ እርሱም ያችን ባለ ሰሌዳ ልጅ የምትመስል አንዲት ተማሪ በአንተም ክፍል መገኘቷ የማይቀር መሆኑ ነው። በሞዴል ፈተና ሰሞን ደብተሩን ታቅፎ ወደ እርሷ የማይሄድ ተማሪ የለም፤ አንተ ግን አትሂድ። የሄድህ እንደ ሆነ ጥያቄህን ተቀብላ፣ "እኔም እዚህ ጋ ነበር የምሳሳተው" ብላ ትጀምርልሃለች፤ አለማወቋን ያለ ኀፍረት በምትናገር ሰው ፊት የራስን ሸሽጎ መቀመጥ እጅግ ጭንቅ ነውና፣ ሳታስበው "እኔ እንኳ ከመጀመሪያውም አልገባኝም" የምትል ቃል ከአፍህ ታመልጥሃለች። እርሷም ወንበሯን ሳብ አድርጋ፣ ንጹሕ ወረቀት ዘርግታ "እሺ፣ ከመጀመሪያው እንጀምር" ያለችህ እንደ ሆነ፣ የአራት ዓመት ድካምህ ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከንቱ ሆኖ ይቀራል።