አህያ የጀመረችው ተረት

ተረት ተረት። የላም በረት።

ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ መሬቱ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ከመውረዱ በፊት፣ የጁቤ የምትባል የባሶ ሊበን ከተማ አለች። ጤፍ በሚወቃበት በጥር ወር፣ በከተማዋ ዳር ባለ አንድ አውድማ ላይ እንስሳት ማታ ማታ ይሰበሰቡ ነበር። ሲያበራይ የዋለው በሬ ጭድ እያመነዠከ ይተኛል። አህያ ጭነቷን አራግፋ ትመጣለች፤ በግና በቅሎ ይከተሏታል። ዶሮ እንኳ ዓይኗ ከመሸ እንደማያይላት እያወቀች ከቆጧ ወርዳ ትመጣለች። ሽመላ ደግሞ ክረምቱን ባሕር ማዶ አሳልፋ ስለመጣች በክምሩ ጫፍ ላይ በአንድ እግሯ ትቆማለች።

ድሮ የዚያ ማታ ጌታ ጉሬዛ ነበር። ከበረሃው አፋፍ ጫካ ነጭ ካባውን ደርቦ ይመጣና ተረት ያወራል። ተረቱ ሁልጊዜ ስለ አንበሳ ነው፦ አንበሳ እንዴት እንደነገሠ፣ ማንን እንደቀጣ፣ ማንን እንደማረ። ሁሉም ጸጥ ብሎ ያዳምጥ ነበር፤ ሌላ ተረት አያውቅማ።

ነገሩን የለወጠችው ድመት ናት። የምትኖርበት ቤት ቴሌቪዥን ገባና ምድጃ ዳር መተኛቷን ትታ መደቡ ላይ፣ ከስክሪኑ ፊት ለፊት ትቀመጥ ጀመር። ቤተሰቡ ሲተኛ ሹልክ ብላ ትወጣና ያየችውን ሁሉ አውድማው ላይ ትዘረግፋለች።

«ዛሬስ ምን አመጣሽ፣ እመት ድመት?» ይላታል በሬ።

«ዛሬ ስለ ድሮው ነው ያወሩት፣ አያ በሬ። ቴሌቪዥን አገራችን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው አሉ። ‹ሂሩት አባቷ ማነው› የሚባለው ፊልምም የዚያን ጊዜ ነው።»

በቅሎ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣለች። «ይህ እኔን ለመንካት ከሆነ ከአሁኑ ተናገሪ። እናቴ ፈረስ መሆኗን አገር ያውቃል።»

«ስለ ሂሩት ነው እንጂ ስለ አንቺ አይደለም።»

«እኔም እኮ ሞጣ ገበያ ካሜራ የያዘ ሰው አንስቶኛል። ምናልባት የሆነ ቦታ ወጥቼ ይሆናል።»

ድመት ቀጠለች። ጉማ የሚባል የፊልም ሽልማት እንዳለ፣ ስሙን ከአንድ የድሮ ፊልም እንደወሰደ፣ ተዋንያኑም በቀይ ምንጣፍ ላይ እንደሚያልፉ ነገረቻቸው። ዶሮ አንገቷን አሰገገች።

«ምንጣፉ ላይ ምን ተሰጥቶ ነው? ስንዴ ነው ጤፍ?»

«እህል አልተሰጣም። የተሰጡት ሰዎቹ ናቸው። ለብሰው ይቆማሉ፣ መብራት ብልጭ ይልባቸዋል፣ ያልፋሉ።»

«ስንት ጫማ አላቸው?»

ይህን ጥያቄ ሁላችንም እንወደዋለን። ዶሮም ከዚያ ማታ ጀምሮ ስለ ዝነኞቹ ጫማ፣ ሠርግና ኩርፊያ ሳትጠይቅ አታድርም ነበር።

በግ ግን ዝም ብሎ ቆይቶ፣ «በግ የተጫወተበት ፊልም የለም?» አለ።

«አለ እንጂ! ያሬድ ዘለቀ የሚባል የሠራው ‹ላምብ› የሚባል ፊልም አለ። በ2007 ዓ.ም. ፈረንሳይ አገር፣ ካን ፊልም ፌስቲቫል ድረስ ሄዷል። ከኢትዮጵያ ፊልሞች በዚያ ፌስቲቫል ለይፋዊው መርሐ ግብር ሲመረጥ የመጀመሪያው እሱ ነው። አንድ ልጅና ቹኒ የምትባል በጉ ናቸው፤ አጎቱ ለበዓል ሊያርዳት ይፈልጋል።»

«አረዳት?»

«መጨረሻውን ሳላይ ልጆቹ ጣቢያ ቀየሩት።»

በግ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም።

ከሁሉ የባሰው የቱርክ ድራማ ነው። በ2008 ዓ.ም. ካና የሚባል ጣቢያ ተከፍቶ የቱርክን ተዋንያን በአማርኛ ሲያናግር፣ የድመት ቤት ሰዎች እራት በጊዜ አልበላ አላቸው። አውድማውም እንደዚያው ሆነ። ዶሮ ጫጩቶቿን የቱርክ ስም አወጣችላቸው። ድመት የድራማውን ክፉ ሰው «ልብሱ ጥቁር፣ አፍንጫው ረጅም» ብላ ስለገለጸችው ምስኪኑ ቁራ ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ተነፈገ። በእኛ በሰዎቹም ዘንድ እኮ ክፉ ሰው ሆኖ የተጫወተ ተዋናይ መንገድ ላይ ይሰደባል። ሥራውን አሳምሮ ስለሠራ የሚሰደብ ሰው እኔን ያሳዝነኛል።

«ሽመላዬ፣ አንቺ ከዚያው አይደለሽ የምትመጪ?» አለች ዶሮ። «ልጅቷ ታገባዋለች ወይስ አታገባውም?»

«አልፋለሁ በዚያ» አለች ሽመላ። «ሰፊ ባሕር ላይ ክንፌን የሚያነሣልኝ ሙቅ አየር የለም፤ ስለዚህ ኢስታንቡል ላይ ባሕሩ በሚጠብበት በኩል ነው የምሻገረው። ውሃው ዳር ያሉትን ትልልቅ ቤቶች አይቻቸዋለሁ።»

«እና? ታለቅሳለች?»

«ልብስ አስጥተው ነበር። ሌላ ያየሁት የለም። ማታ ማታ እነሱም ቴሌቪዥን ያያሉ።»

ዶሮ አላመነቻትም።

ጉሬዛ ይህን ሁሉ አውድማው አጠገብ ካለ ዋርካ ላይ ሆኖ ይሰማ ነበር። ተረቱን የሚሰማው ስላጣ አንድ ማታ ወርዶ በሬ ፊት ቆመና ክስ አቀረበ። «አያ በሬ፣ ይፍረዱኝ። ይህች ድመት የባዕድ ወሬ እያመጣች አውድማውን ወሰደችብኝ። ትከልከልልኝ።»

«የአዲስ አበባ ከያንያንም ካና ሲመጣ እንደዚሁ ብለው ነበር» አለች ድመት። «የአየር ሰዓቱንና ማስታወቂያውን የውጭ ድራማ ይወስድብናል፣ ሥራ እናጣለን ብለው።»

ስጋታቸው ከንቱ አልነበረም። ያለቀ ድራማ ገዝቶ በአማርኛ ማናገር አዲስ ድራማ ጽፎ፣ ተዋናይ ቀጥሮ፣ ቦታ አዘጋጅቶ ከመቅረጽ እጅግ ይረክሳል። ርካሹ ሲገባ ውዱን የሚሠራው ምን ይበላል? በሬም ይህ ገብቶት ኖሮ ለረጅም ጊዜ አመነዠከ።

«አህይት፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» አለ በመጨረሻ።

አህያ ከዚያ በፊት በዚያ አውድማ ተጠይቃ አታውቅም። ግራ ቀኙን አየች።

«አያ ጉሬዛ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እርስዎን ስሰማ ኖሬአለሁ» አለች። «በተረትዎ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተበላሁ ቁጥሩ ጠፍቶኛል። አንበሳው በልቶኝ ያልፋል፣ ተረቱም አብሮት ያልፋል። የቱርኳ ልጅ ስታዝን ግን ታሪኩ ቆሞ ይጠብቃታል። ዓይኗን ጠርጋ እስክትጨርስ ማንም አይቸኩልም። እኔ የወደድኩት ይህን ነው እንጂ ቱርክነቷን አይደለም።»

ጉሬዛ ካባውን ሰብሰብ አደረገ። «የእኛ ተረት እንደዚያ አያውቅም!»

«እንዴት አያውቅም?» አለ ከጭዱ ሥር አባ ኤሊ። ዕድሜው የሁሉንም ስለሚበልጥ ሲናገር ሁሉም ዝም ይላል። «እንዶዳም ሩቅ ነው? እዚያ የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ‹ፍቅር እስከ መቃብር› የሚባለውን ልብ ወለድ አሳትመው የለም? ዲማ፣ ቢቸና አጠገብ ናት፤ ባለታሪኳን ሰብለ ወንጌልን እዚያ አስቀመጧት። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው እኔ በአንድ ቤት ግድግዳ ሥር ነበርኩ። ውስጥ ቡና እየተጠጣ ነበር፤ የሲኒው ድምፅ ሲቆም ሰማሁ። ፊታውራሪ መሸሻ ትልቅ ጌታ ናቸው፤ አገር ያለቀሰው ግን ለድሃው ልጅ ለበዛብህ ነው። የጎጃም ወሬ ነው፤ ኢትዮጵያ በሙሉ ሰማው።»

«እኔም እኮ ተረት አዋቂ ነኝ» አለ ጉሬዛ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«ነህ። አንደበትህን ማንም አይክድም» አለ ኤሊ። «የተቀመጠውን አድማጭ ግን ዞር ብለህ አላየኸውም።»

በሬ ተነሣና ፈረደ። ድመት አትከለከልም፤ ያየችውን ታውራ፤ ነገር ግን ከእሷ በፊት ጉሬዛ ይተርክ፤ አንበሳውን ግን ለጊዜው ያሳርፈው። ጉሬዛ ፍርዱ ከበደው። አንበሳን ትቶ ከየት ይጀምር? ቆሞ ቆሞ፣ ካባውን አውልቆ ክምሩ ላይ አስቀመጠና ከአህያ ፊት ቁጭ አለ።

«ጅብ አባርሮሽ ያውቃል? ያን ጊዜ ምን ተሰማሽ?» አላት።

አህያ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ወደ ዓባይ በረሃ ስለወረደችበት አንድ ቀን ታወራ ጀመር፦ ስለ ጭነቱ፣ ስለ ቁልቁለቱ፣ ከኋላዋ ስለቀረው ውርንጭላዋ። ጉሬዛም እሷ ስትቸኩል «ቆይ፣ እዚህ ላይ አትለፊ» እያለ፣ ድምፅ ስታጣ ድምፁን እያዋሳት አብሯት ተረከ። እንዲህ አምሮበት አያውቅም።

«አህያዋ ምን ለብሳ ነበር?» አለች ዶሮ።

«ማዳበሪያ» አለች አህያ። «ባዶውን ሳይሆን ሙሉውን።»

«ውርንጭላውስ? ተገኘ?» አለ በግ፣ ብድግ ብሎ።

አህያ ጉሬዛን አየችው፤ ጉሬዛም አያት።

«ነገ ማታ» አሉ ሁለቱም።

አውድማው በተቃውሞ ተናጋ። ድመት ከሁሉ በላይ ጮኸች። ሽመላም ከክምሩ ላይ፣ «ኧረ የካቲት ሳያልቅ ጨርሱት!» አለች። «ኢስታንቡል ስደርስ ወንድሞቼ ይጠይቁኛል፤ ምን ልበላቸው?»