«አንድ ከፍ ያለውን አምጣ»፦ ስለ ወርክሾፕ ልክ የተደረገ ጥናት

በጋራዦች፣ በብየዳ ቤቶችና በእንጨት ቤቶች በየቀኑ የሚታይ፣ ነገር ግን የሚገባውን ምሁራዊ ትኩረት ያላገኘ አንድ ክስተት አለ። ሜትር ኪሱ ውስጥ ያለው፣ ዕድሜውን በሙያው ያሳለፈ ሰው፣ ፊቱ የተቀመጠውን ዕቃ ልክ ይስታል። ይህ ጽሑፍ ክስተቱን ከሥሩ ይመረምራል። መረጃው የተሰበሰበው በቀጥታ ምልከታ ነው፤ ማለትም ጥግ ይዞ በመቆምና «አንተ፣ ከመብራቱ ዞር በል» እስኪባል በመጠበቅ።

ምልከታው የሚጀምረው ከመኪና ሥር ነው። ከዚያ የሚታየው ሁለት እግርና አንድ የተዘረጋ እጅ ብቻ ነው። «አሥራ ሁለት ቁልፍ!» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ረዳቱ ያቀብላል። ትንሽ ዝምታ። «አንድ ከፍ ያለውን አምጣ!» አሥራ ሦስት ይሄዳል፤ ብሎኑ ላይ ይሽከረከራል። «አንድ ዝቅ ያለውን!» ረዳቱ ያንኑ አሥራ ሁለት መልሶ ያቀብላል። አሁን ይገባል። «መጀመሪያውኑ ይህን አልነበር ያልኩህ?» ይባላል፤ ረዳቱም «እሺ ጋሼ» ይላል። አንዱ አሥራ ሁለት ከሌላው አሥራ ሁለት በምን እንደሚለይ እስካሁን የጠየቀ ረዳት አልተገኘም። የጠየቀ ካለም ዛሬ ረዳት አይደለም።

ረዳቱን መውቀስ ግን ሳይንሳዊ አይሆንም። ቁልፉ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚናገረው ስለ ብሎኑ ጭንቅላት ስፋት ነው፤ ስለ ውፍረቱ ምንም አይልም። ባለ 8 ብሎን በጀርመን ሥሪት መኪና ላይ 13 ቁልፍ ይፈልጋል፤ ቶዮታ ላይ ያው ባለ 8 በ12 ይፈታል። ባለ 10 ብሎን ደግሞ እንደየአገሩና እንደየዘመኑ 14፣ 16 ወይም 17 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁልፍ ከማቀበል በፊት የመኪናውን ዜግነት ማጣራት ያስፈልጋል።

በዚህ መስክ ቁጥር በአጠቃላይ የሚታመን አይደለም። «ሀፍ ኢንች» የሚባለው የብረት ቧንቧ የውጭ ስፋቱ 21.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ግማሽ ኢንች ግን 12.7 ነው። የትኛው ጎኑ ግማሽ ኢንች እንደሆነ ቆርጠው ውስጡን ቢለኩትም አይገኝም። ቆርቆሮ ይባስ ብሎ ወደ ኋላ ይቆጥራል፤ 35 ጌጅ ከ28 ጌጅ ይሳሳል። ቤት የሚያሠራው ሰው ትልቁን ቁጥር በትንሽ ዋጋ አገኘሁ ብሎ ደስ እያለው አስጭኖ ይሄዳል። ሐቁን የሚነግረው የክረምት በረዶ ነው።

ቱቦላሬ ርዝመቱ 6 ሜትር ነው። ለመደርደሪያ አራት እግር ቢካፈል ለእያንዳንዱ 1.5 ሜትር ይደርሳል። ይህን ሒሳብ ሕፃን ልጅም ይሠራዋል፤ ችግሩም የሚጀምረው እዚያው ነው። የመቁረጫው ዲስክ በየቁርጡ 3 ሚሊ ያህል ለራሱ ይወስዳል፤ ሦስት ጊዜ ሲቆረጥ 9 ሚሊ ብናኝ ሆኖ መሬት ላይ ይቀራል። ሦስቱ እግር ሙሉ፣ አራተኛው ጎደሎ። ከሥሩ የሚሰገሰገውን እጥፍ ካርቶን ይህ ጥናት የሥራው አካል አድርጎ ይቆጥረዋል።

ከመሣሪያ ወደ ሥራ ሲሸጋገሩ ጉዳዩ ይጠብቃል። አንዲት ደንበኛ ቁም ሳጥን ያዝዛሉ፤ «ጣሪያ ድረስ ይሁንልኝ፣ አናቱ ላይ አቧራ እንዳይቀመጥ» ይላሉ። አናጺው ከወለል እስከ ጣሪያ ይለካል፤ 2.50 ሜትር። ጥንቁቅ ሰው ነውና 5 ሴንቲ ይተዋል። ቁመቱ 2.45፣ ጥልቀቱ 60 ሴንቲ የሆነው ቁም ሳጥን እዚያው ክፍል ውስጥ ተጋድሞ ይገጣጠማል። ኮላው ይደርቃል፤ ቡና ይጠጣል። ከዚያ «በሉ፣ እናንሳው!» ይባላል። ይነሣል፣ ይነሣል፣ ይነሣልና ጣሪያውን ነክሶ ቀጥ ይላል፤ አይቆምም፣ አይተኛም። ፓይታጎራስ ቢጠየቅ ኖሮ፣ ከአንዱ ማዕዘን እስከ ተቃራኒው 2.52 ሜትር እንደሆነ ያስረዳ ነበር። «እትዬ፣ ጣሪያው ነው የወረደው» ይላል አናጺው፣ ከነሙሉ ክብሩ።

ልብ በሉ፤ አናጺው በልኬቱ አንዲት ሚሊ አልተሳሳተም። የለካው ቁም ሳጥኑ ቆሞ የሚኖርበትን ነው። እስኪቆም ድረስ የሚያልፍበትን ለካልኝ ያለው ሰው የለም። የጥናቱ ዋና ግኝትም ይኸው ነው፤ ዕቃ ለሚቀመጥበት ይለካል፣ ለሚሄድበት አይለካም።

ታሪካችን ግን ለየት ያለ አሠራር መዝግቧል። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ ነበር። መቅደላ ለመድረስ ወራት ፈጀበት፤ ገደሉ እየተናደ፣ መንገዱ እየተጠረገ በሰው ጉልበት ተጎተተ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። በ1860 ዓ.ም. ደረሰ። መድፉ በመቅደላው ጦርነት ያደረገው አስተዋጽኦ ከዚህ ጥናት ወሰን ውጭ ነው። የእኛ ጥያቄ ገባ ወይስ አልገባም የሚል ነው፤ ገብቷል።

ሁለተኛው ዘዴ ከፋፍሎ ማስገባት ነው። 24 ሜትር ርዝመትና 160 ቶን ክብደት ያለው የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ከሮም ሲመለስ በሦስት ተከፍሎ፣ በአንቶኖቭ አውሮፕላን በሦስት በረራ መጣ። ኤል ሼፕ ሶፋ የሚሠሩ ወገኖቻችን ይህን ያዩ አይመስልም።

ሶፋው አንድ ወጥ ሆኖ ይሠራል፤ መድረሻው የኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለም። እዚህ ላይ በጥናቱ ሁሉ ግምታቸው ስቶ የማያውቅ ብቸኛ ባለሙያዎች ይመጣሉ፤ ጫኝና አውራጆች። ሜትር የላቸውም። አንደኛው ደረጃውን ቀና ብሎ ያያል፣ ሶፋውን በእግሩ ነካ ያደርጋል፣ «በበረንዳ ነው» ይላል። ዋጋውም ያኔ ይነገራል። ግምታቸው የማይስትበትን ምክንያት መርምረናል፤ ተሸካሚዎቹ እነሱ ናቸው። ከዚያ ገመድ ይወርዳል፣ ጎረቤት በየበረንዳው ይወጣል፣ «ወደ ግራ! ወደ ግራ!» ይባላል፤ ግራው የማን ግራ እንደሆነ ሳይለይ ሶፋው ይገባል።

መውጣቱን በተመለከተ በቂ መረጃ ሊሰበሰብ አልቻለም፤ የወጣ የለምና። ባለቤቱ ቤት ሲለቅ ሶፋው ይቀራል። ደላላው ለሚቀጥለው ተከራይ በሩን ከፍቶ «ፈርኒሽድ ነው» ይላል፤ ኪራዩ ላይም ትንሽ ጨመር ያደርጋል።