የአያ ዝሆን ቀፎዎች

በድሮ ዘመን አያ ዝሆን የደን ጌታ ነበር። በዋርካና በብሳና ላይ ቀፎ አሰቅሏል፤ ዛፍ መውጣት ግን አይችልም። ስለዚህ እመት ጦጢትን በቀን አንድ እፍኝ በቆሎ ቀጠራት።

በኅዳር ማሩ ሲቆረጥ ግማሽ ገንቦ እንኳ አልሞላም። “ምነው?” ቢላት፣ “ዘንድሮ አበባው ረገፈብን፣ አያ ዝሆን” አለችው። እውነቷን ይሆናል፤ ተኝታ ከርማም ይሆናል። እሱ ከታች ሆኖ የሚያየው ቅጠል ብቻ ነው። ቁራን ተቆጣጣሪ አድርጎ ቢልክ፣ ቁራ ማሩን ልሶ ተመለሰና “ሁሉ ደህና ነው” አለ።

በሁለተኛው ዓመት እፍኙን አስቀርቶ “ከማሩ ሲሶው ያንቺ” አላት። ጦጢት ሌላ ሆነች። ጉንዳን እንዳይወጣ ግንዱን በአመድ ከበበች፣ የተሰነጠቀውን ቀፎ በእበት ለቀለቀች፤ ገንቦዎቹም ሞሉ። በሦስተኛው ዓመት ግን በመስከረም በረዶ ወርዶ አደዩን አጨደው። ጦጢት እንደ አምናው ብትለፋም ልጆቿ ጦማቸውን አደሩ። አንድ ክፉ ዓመት የዝሆን ሆድ ይችለዋል፤ የጦጣ ሆድ አይችለውም። የሰማይን ዕዳ ለደካማው ማሸከም ግፍ ነው፣ ውሉ የቱንም ያህል በፈቃድ ቢታሰር።

ዝሆን አሰበበት። ማዶ ጉሬዛ የሚጠብቃቸው ቀፎዎች ነበሩት፤ ያው ዝናብ፣ ያው በረዶ ያገኛቸዋል። “ግማሽ እፍኝ በየቀኑ አይቀርብሽም፤ ከጉሬዛ አብልጠሽ ካመጣሽ ደግሞ ከትርፉ ድርሻ አለሽ” አላት፤ ለጉሬዛም እንዲሁ። ሰማዩ ለሁለቱም አንድ ስለሆነ የሚለያያቸው ሥራቸው ነው ማለቱ ነበር፤ ደግ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ሁለቱም በፉክክር ቀፎውን እስከ መጨረሻው የማር እንጀራ ቆረጡት፤ ለንቡ የበጋ ቀለብ አላስቀሩም። የሚቆጠረው ገንቦ ነዋ! በጥር ንቡ ኮበለለ።

ዝሆን ተቆጥቶ ለሸንጎ አቀረባቸው። ሽማግሌው ኤሊ ውሉን ሰምቶ፣ “በዚህ ውስጥ ንብ የት አለ?” ሲል ጠየቀ።

የመለሰችው ጦጢት ናት። “አያ ዝሆን፣ ቀፎው ውስጥ ምን እንደቀረ የማውቀው እኔ ነኝ፤ አንተ መቼም አታየውም። እንግዲያው በመስከረም ከሚወጣው አዲስ መንጋ እኩሌታውን ስጠኝ። የራሴን ንብ አላስርብም።”

“መንጋውን ብትደብቂብኝስ?”

“የሰፈረ መንጋ ሲመላለስ ከታች ይታያል፤ ቆመህ ቁጠር።”

“በበረዶው ዓመትስ?” አለ ኤሊ።

“እፍኙን ሙሉ አደርገዋለሁ” አለ ዝሆን። ዋስ ተጠራ። ጉሬዛም፣ “እኔንም በዚሁ ውል እሰሩኝ” አለ።