ሳይጠሩት አቤት ባዮቹ

የደቡብ ሱዳን ፖሊስ ጠቅላይ መምሪያ ባለበት በጁባው ቡሉክ ሰፈር፣ ሀበሻ ቡና ከቦ ሲቀመጥ የዶላር ምንዛሪ ወሬ ካለቀ በኋላ የላፕቶፕ ሮሮ ይጀምራል። የሆቴሉ ሒሳብ ሠራተኛ ያማርራል፣ የአስመጪው ጸሐፊ ያማርራል፣ በርቀት የሚማረው ልጅም ያማርራል። «ተንቀራፈፈ፣ ደነዘዘ፣ ይጣል!» ከዚያ መካሪው ይበዛል። ኮምፒውተር ሙያዬ ስለሆነ ዝም ማለት አይሆንልኝም። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ነፃነቷን ካወጀች ወዲህ እዚህ መጥቶ ምግብ ቤት የከፈተ፣ ሆቴል ያቆመ፣ በቦቴ ውሃ ያመላለሰ ወገኔ፣ ላቡን አንጠፍጥፎ ያገኘውን ዶላር በአጉል ምክር ሲያወጣ ማየት ያንገበግበኛል። እንግዲህ ለየምክሩ መልሱ ይኸውላችሁ። የምወጋው መካሪውን አይደለም፣ ምክሩን ነው።

«አርጅቷል፤ አዲስ ግዛ!»

ጋሼ፣ ምስክር ሳይሰሙ ፍርድ አይስጡ! ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ይጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። የማይክሮሶፍት ባለሙያ የነበረው ዴቭ ፕለመር በ1990ዎቹ የጻፈው ይህ መስኮት፣ ማሽኑ ውስጥ ማን ምን እየበላ እንደሆነ አንድ በአንድ ይናገራል። ሲፒዩ፣ ሜሞሪና ዲስክ የሚሉትን ዓምዶች ይመልከቱ፤ ከየላያቸው በመቶኛ የተጻፈ ቁጥር አለ። ሲፒዩው 12 ከመቶ፣ ሜሞሪው 93 ከመቶ ካለ ማሽንዎ አላረጀም፤ ታፍኗል። የታፈነ ደግሞ አየር ይሰጡታል እንጂ አይቀብሩትም።

«ፋይል በዝቶበት ነው፤ ፎቶና ቪዲዮውን አጥፋ!»

ወንድሜ፣ የልጅህን የክርስትና ፎቶ ለምን ትፈርድበታለህ? ፎቶው የተቀመጠው ዲስኩ ላይ ነው፤ ያነቀህ ግን ራሙ፣ ታስክ ማናጀሩ «ሜሞሪ» የሚለው ነው። ዲስኩ ጎተራ፣ ራሙ ምጣድ ነው፤ ጎተራ ስለጎደለ ምጣድ አይሰፋም። በርግጥ ዲስኩ ጢም ብሎ ከሞላ ዊንዶውስ መንቀሳቀሻ ያጣል፤ ያኔ ማራገፍ ተገቢ ነው። ግማሹ ባዶ ከሆነ ግን አሥር ጊዜ ብትሰርዝ የምታጣው ትዝታህን እንጂ የምታገኘው ፍጥነት የለም።

«እኔ የከፈትኩት አንድ ኤክሴል ብቻ ነው!»

እትዬ፣ እርስዎ የከፈቱት አንድ ነው፤ የተከፈተው ግን አንድ አይደለም። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚባሉት እዚያ ውስጥ ተደርድረዋል። ታስክ ማናጀሩ ላይ «ስታርታፕ» ወደሚለው ክፍል ይግቡ። ቴሌግራም፣ ቲምስ፣ ስፖቲፋይ፣ ዩቶሬንት፣ የፕሪንተሩ አጋዥ፣ አንድ ጊዜ ፒዲኤፍ ለማንበብ የጫኑት ፕሮግራም አዳሽ፣ ሁሉም ማሽኑ ሲነሳ አብረው የሚነሱ ናቸው። ከየጎናቸው «ኢነብልድ» ይላል። የማይፈልጉትን በቀኝ ክሊክ ይዘው «ዲሴብል» ይበሉት። ፕሮግራሙ አይጠፋም፤ ሲፈልጉት ከፍተው ይሠሩበታል። የቀረበት ሳይጠሩት መምጣቱ ብቻ ነው።

«በኤክሷ ዘግቼዋለሁ እኮ!» እንዳይሉኝ። ቴሌግራምን የመሳሰሉት በኤክስ ሲዘጉ መስኮቱ ይሰወራል እንጂ ፕሮግራሙ አይወጣም። ከታች በቀኝ በኩል፣ ከሰዓቱ አጠገብ ያለችውን ቀስት ይጫኑ፤ ሁሉም እዚያ ተሰብስበው ያገኟቸዋል። ቀኝ ክሊክ፣ «ክዊት»፣ አለቀ።

«ታብ መክፈት ምን ይጎዳል? ወረቀት አይደለም!»

እህቴ፣ ወረቀት ቢሆን በቀለለሽ! ጎግል ክሮም እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ ጀምሮ ታቦቹን እየለያየ እንዲያንቀሳቅስ ሆኖ ነው የተሠራው፤ አንዱ ገጽ ቢበላሽ ሌላው አብሮ እንዳይወድቅ ነው። ብልሃቱ ጥሩ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ራሙ ነው። 4 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን ላይ ዊንዶውስ ራሱ ከ2 ጊጋ በላይ ይዞ ይነሳል። በቀረችው ላይ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ጂሜይል፣ ካለፈው ሳምንት የተረፈ የአውሮፕላን ትኬት ገጽና የሦስት ድራማ ክፍል ሲደራረብባት ኤክሴሉ በምን ይንቀሳቀስ?

ክሮም ላይ እያለሽ ሺፍትና ኢስኬፕን ብትጫኚ የራሱ ታስክ ማናጀር ይከፈትና የትኛው ታብ ስንት ሜጋባይት እንደያዘ ያሳይሻል። ከሴቲንግ ውስጥ «ፐርፎርማንስ» በሚለው ስር «ሜሞሪ ሴቨር»ን አብሪ፤ የተውሻቸውን ታቦች ያስተኛቸዋል። ኤጅም የሚያስተኛበት መንገድ አለው። «ሲስተም» በሚለው ስር ደግሞ ክሮም ከተዘጋ በኋላ ከጀርባ መሥራቱን እንዲቀጥል የሚፈቅድ ማብሪያ ታገኛለሽ፤ እሱንም አጥፊው።

«ማታ ማታ ሁልጊዜ አጠፋዋለሁ!»

እስቲ እናረጋግጥ። ታስክ ማናጀር፣ «ፐርፎርማንስ»፣ «ሲፒዩ»። ከታች «አፕ ታይም» የሚል ጽሑፍ አለ። 19:06:41:12 ቢል የመጀመሪያው ቁጥር ቀን ነው፤ ማሽኑ 19 ቀን ሙሉ እንደነቃ ነው ማለት ነው። «ትናንት ማታ በእጄ አጥፍቼው!» ትለኛለህ፤ እውነትህን ነው። ነገሩ ወዲህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ «ፋስት ስታርታፕ» የሚባል ነገር አለ። «ሻት ዳውን» ስትል የስርዓቱን እምብርት ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል፤ ጠዋት ያንኑ መልሶ ያነሳዋል። የተበላሸው ድራይቨርም፣ የተወሳሰበው ነገርም አብሮ ይነሳል። «ሪስታርት» ግን ከሥር አጽድቶ ይጀምራል። ስለዚህ ወንድሜ፣ በሳምንት አንዴ ሁለቴ «ሪስታርት» በል። ሻት ዳውን ማለት ካለብህም ሺፍትን ይዘህ በለው፤ ያኔ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል።

«ራም የሚያጸዳ ፕሮግራም ጫንኩለት!»

የሚበላው በዝቶበት የታመመ ማሽን ላይ ሌላ በላተኛ ጨመርክበት! ዊንዶውስ ትርፍ ራም ሲያገኝ በቅርቡ የተጠቀምክባቸውን ነገሮች ያቆይበታል፤ ስትመለስባቸው ቶሎ እንዲከፈቱልህ ነው። ራሙ ሲጠብበት ያንን ራሱ ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ዊንዶውስ 10 ደግሞ በራም ውስጥ ያለውን አመቅ አድርጎ ቦታ ይቆጥባል። «አጽጂ» ነኝ ባዩ ያንን ሁሉ ጠርጎ ያስወጣና «2 ጊጋ ነጻ አወጣሁ» ብሎ አረንጓዴ ጽሑፍ ያሳይሃል። ከደቂቃ በኋላ ማሽኑ የተጠረገውን ከዲስክ እንደገና ይለቅማል። ባዶ ራም የማይሠራ ራም ነው። የጫንከውን አንሳው።

«እንግዲያው ያየሁትን ሁሉ ኢንድ ታስክ!»

ቀስ በል የእናቴ ልጅ! የማታውቀውን ስም አትግደል። «ሲስተም»፣ «ዴስክቶፕ ዊንዶው ማናጀር»፣ «አንቲማልዌር ሰርቪስ» የሚሉት የማሽኑ የራሱ ናቸው፤ አንዳንዱን ብትነካው ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ሜሞሪ የሚለውን ዓምድ ተጫን፤ ብዙ የሚበላው ከላይ ይደረደራል። ከላይ ካሉት ውስጥ ስሙን የምታውቀውን፣ ራስህ የጫንከውን፣ አሁን የማትሠራበትን ብቻ ዝጋ። ከዚያ በፊት ደግሞ የከፈትከውን ሰነድ ሴቭ አድርግ፤ ኢንድ ታስክ «ላስቀምጠው ወይ?» ብሎ አይጠይቅም።

«ቫይረስ ነው፤ ሁለተኛ አንቲቫይረስ ጫንበት!»

ሁለት ዘበኛ አንድ በር ላይ ሲገፋፋ ሌባው ይደሰታል። ሁለቱም ፋይል በተከፈተ ቁጥር ሊፈትሹ ይሽቀዳደማሉ፤ አንዱ የያዘውን ሌላው ይጠብቃል፤ ማሽኑ መሀል ላይ ይቆማል። ዊንዶውስ 10 እና 11 ዲፌንደር የሚባል የራሳቸው ጠባቂ አላቸው። ከፈለጉ ሌላ ይምረጡ፤ ግን አንድ ይሁን። በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር በተሰበረ ሶፍትዌር ቫይረስ መግባቱ የታወቀ ነው፤ ሙሉ ስካን ያድርጉ። ቫይረስ ሳይገኝ ግን ሁሉን ጥፋት በቫይረስ ማሳበብ ይቅር።

«ጠዋት ይሮጣል፣ ቀትር ላይ ይለግማል!»

እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያመጣ ሰው ይባረክ፤ አስተውሏል! እዚህ ከተማ ሙቀቱ ቀልድ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ሙቀቱ 45 ዲግሪ ይደርሳል ተብሎ መንግሥት በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ልጅ ከትምህርት በቀረበት ቀን ላፕቶፕን አልጋ ልብስ ላይ አስቀምጠን ማራገቢያውን ዘግተንበት «ለምን ለገመ?» እንላለን። ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ውስጣቸው 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ እንዳይቃጠሉ ራሳቸው ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ የአየር መውጫውን አትክደን፣ የጁባን ቀይ አቧራ ከማራገቢያው አስጠርግ። ቻርጀሩን ነቅለህ በባትሪ ስትሠራ ደግሞ «ባትሪ ሴቨር» በርቶ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ማሽኑን ሆን ብሎ ያዘገየዋል። የጁባው የ33 ሜጋዋት የኤሌክትሪክ ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ ከጀመረ ወዲህ መብራት የገባለት ሰው አለ፤ በጄኔሬተር ሰዓት ቆጥሮ ለሚሠራው ግን ይህች ማብሪያ ትልቅ ነገር ናት።

«ይብቃ፤ ራም ጨምርልኝ!»

አሁን ወደ ቁም ነገሩ መጣህ፤ ግን ላም ባልዋለበት ኩበት አትልቀም። አላስፈላጊውን ሁሉ ዘግተህ ሜሞሪው አሁንም ከ85 ከመቶ ካልወረደ፣ አዎ፣ ራም ያንስሃል። «ፐርፎርማንስ» ስር «ሜሞሪ» ላይ «ስሎትስ ዩዝድ 1 ኦፍ 2» ካለህ ባዶ ቦታ አለህ። ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነ ግን ላይጨመር ይችላል። ዲዲአር3 ዲዲአር4 ቦታ ላይ አይገባም። ዕቃው ከካምፓላ በድንበር ከተማዋ በኒሙሌ በኩል ነው የሚመጣው፤ ከኒሙሌ ጁባ 192 ኪሎ ሜትር አስፋልት አለ። የማይገጥም ራም አስመጥቶ መመለስ ትርፍ ወጪ ነው፤ ሞዴሉን ጽፈህ ላክ።

ሜሞሪው ደህና ሆኖ ዲስኩ 100 ከመቶ ከሆነስ? ታስክ ማናጀሩ ከዲስኩ ስም ስር ኤችዲዲ ወይም ኤስኤስዲ ብሎ ይጽፍልሃል። ኤችዲዲ የሚሽከረከር ነው፤ አንድ የተበታተነ ነገር ለማንሳት ከ10 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ኤስኤስዲ ያንኑ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ይጨርሰዋል። ራም ሲጠበው ዊንዶውስ ትርፉን ወደ ዲስክ ስለሚያሸሽ፣ ራም አንሶ ዲስኩም የሚሽከረከር ከሆነ መከራው ድርብ ነው። ስለዚህ ገንዘብህ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ፣ ኤችዲዲ ላለው ማሽን በቅድሚያ ኤስኤስዲ ግዛለት። ባለሙያው ማሽኑን ከመክፈቱ በፊት ፋይልህን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጥ።

«ታዲያ መቼ ነው አዲስ የምገዛው?»

ይህ የሐቅ ጥያቄ ነው። ራሙ 2 ጊጋ ሆኖ የማይጨመር ከሆነ ጊዜው አልፏል፤ ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋ ይጠይቃል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። የሆቴሉን ሒሳብና የባንክ ሥራ የምትሠራበት ማሽን ወደ 11 የማያድግ ከሆነ ለመተካት አስብ፤ ለጽሑፍና ለትምህርት ብቻ ከሆነ ሊኑክስ ሚንት ተጭኖበት ገና ያገለግላል።

ወገኖቼ፣ በስደት የተገኘ ዶላር ቤተሰብ ይጠብቀዋል፤ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ደሴ የሚላክ ነው። ለአዲስ ላፕቶፕ ከማውጣታችሁ በፊት ታስክ ማናጀሩን ክፈቱ፣ የሚበላውን እዩ፣ ያልጠራችሁትን አስወጡ፣ ሪስታርት በሉ። ከዚያ በኋላም ካልተሻለው ግዙ፤ ማንም አይወቅሳችሁም።